አርደብልዩ ዲስክ አልጻፍ ሲል፦ ከመጣላችሁ በፊት የምትፈትሹት

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ የምናወራው ስለ አርደብልዩ ዲስኮች ነው። ማለትም ጽፈን፣ አጥፍተን፣ እንደገና ስለምንጽፍባቸው ሲዲዎች፣ ዲቪዲዎችና ብሉሬዮች። በርን ስታደርጉ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ስትጽፉ፣ መሀል ላይ ቀጥ ሲል፣ ወይ «ጨርሻለሁ» ብሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አልከፈት ሲል፣ ወይ ደግሞ ዲስኩ ውስጡ እያለ «ዲስክ አስገቡ» እያለ ሲያደርቃችሁ ምን እንደምታደርጉ እንነጋገራለን።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ «ዲስኩ ተበላሽቷል።» ይጥለዋል። ሌላ ያስገባል። ያም እምቢ ሲል «በቃ ድራይቩ (ዲስኩን የሚያነበውና የሚጽፍበት መሣሪያ) ሞቷል» ይላል። እኔ ደግሞ የምለው፣ አትቸኩሉ። አርደብልዩ ላይ ከሚያጋጥሙት ችግሮች ብዙዎቹ የዲስክ ሞት አይደሉም። ዲስኩ ላይ የቀረ የድሮ ጽሑፍ፣ የማይጣጣም ፍጥነት፣ ወይም ፕሮግራሙ ዲስኩ የማይችለውን ነገር መጠየቁ ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ገንዘብ ሳታወጡ የምታስተካክሏቸው ናቸው።

መጀመሪያ ዲስኩ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ልንገራችሁ። ቴክኒካል ነው ብላችሁ አትዝለሉት፤ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ግማሹ ከዚህ ነው የሚፈታው።

በፋብሪካ የታተመ ሲዲ ላይ መረጃው የተቀመጠው ፕላስቲኩ ላይ በወጡ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነው። አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ሲዲ-አር ደግሞ ውስጡ ቀለም አለው፤ ሌዘሩ ቀለሙን ይለውጠዋል፣ የተለወጠው አይመለስም። አርደብልዩ ከሁለቱም ይለያል። ውስጡ ያለው ቅይጥ ነው። ሲዲ-አርደብልዩ ላይ በብዛት የተለመደው የብር፣ የኢንዲየም፣ የአንቲሞኒና የቴሉሪየም ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ ሁለት መልክ አለው። በአንዱ አተሞቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፣ ብርሃንም ደህና አድርገው ይመልሳሉ። በሌላው ዝብርቅርቅ ብለዋል፣ የሚመልሱት ብርሃንም ትንሽ ነው። ሌዘሩ አንዷን ነጥብ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አሙቆ ያቀልጣትና ወዲያው እንድትቀዘቅዝ ያደርጋል፤ አተሞቹ ለመደርደር ጊዜ ስለማያገኙ እንደተዘበራረቁ ይቀራሉ። ተጻፈ ማለት ይሄ ነው። ለማጥፋት ደግሞ ሳያቀልጥ 200 ዲግሪ አካባቢ ያሞቃታል፤ አተሞቹ ቀስ ብለው ተመልሰው ይደረደራሉ።

ከዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ድራይቩ ሦስት ዓይነት ኃይል ያስፈልገዋል። ለማንበብ ትንሽ፣ ለማጥፋት መካከለኛ፣ ለመጻፍ ትልቅ። ስለዚህ «ድራይቩ ፊልም አሳምሮ ያነባል፣ ታዲያ ለምን አይጽፍም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ጋ አለ። ያረጀ ሌዘር ለማንበብ የሚበቃ ጉልበት ሊኖረው ይችላል፣ ለመጻፍ ግን አይበቃውም። ሌላም ነገር አለ። ለሲዲ የሚያገለግለው ጨረር 780 ናኖሜትር ነው፣ ለዲቪዲ 650፣ ለብሉሬይ 405። የተለያዩ የሌዘር ምንጮች ናቸው። ስለዚህ አንድ ድራይቭ ዲቪዲ እየጻፈ ሲዲ ላይ እምቢ ቢል ወይም ተቃራኒው ቢሆን የሚገርም አይደለም፤ አንዱ ሌዘር ደክሟል፣ ሌላው ገና ነው።

ሁለተኛ፣ አርደብልዩ ደብዛዛ ነው። የታተመ ሲዲ ካረፈበት ብርሃን 70 በመቶ ገደማውን ይመልሳል። ሲዲ-አርደብልዩ የሚመልሰው ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው። ድሮ የተሠሩ የሙዚቃ ማጫወቻዎች ይህን ሁሉ ድክመት ታሳቢ አድርገው አልተሠሩም፤ ዲስኩን ጭራሽ አያዩትም። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ የበርኑም አይደለም። ለእንደዚያ ዓይነት ማጫወቻ ሲዲ-አር ስጡት፣ ይገላግላችኋል።

አሁን ወደ ስሞቹ እንምጣ፤ ምክንያቱም ሰው «አርደብልዩ» ብሎ አንድ ዕቃ አድርጎ ያየዋል። ሲዲ-አርደብልዩ አለ፣ ዲቪዲ ማይነስ አርደብልዩ አለ፣ ዲቪዲ ፕላስ አርደብልዩ አለ፣ ብሉሬይ ደግሞ አርኢ ይባላል። ማይነስና ፕላስ መልካቸውም የሚይዙት መጠንም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፣ ጠባያቸው ግን በጣም ይለያያል። ማይነሱ ከፓይኒር የመጣ ሲሆን እንደ ሲዲ-አርደብልዩ መጀመሪያ መጥፋት፣ ከዚያ መጻፍ ነው ልማዱ። ፕላሱ ደግሞ አንዴ ፎርማት ከተደረገ በኋላ «ባዶ» የሚባል ሁኔታ የለውም፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ መደረብ ነው። ብሉሬይ አርኢም እንደዚያው። ስለዚህ ፕላስ አርደብልዩ ይዛችሁ «ኢሬዝ አድርጌ አላጠፋም አለኝ» የምትሉ ሰዎች፣ ማጥፋት አያስፈልገውም፤ ዝም ብላችሁ ጻፉበት።

ፍጥነት ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ሲዲ-አርደብልዩ መጀመሪያ የወጣው እስከ 4 ኤክስ፣ ማለትም እስከ መነሻው ፍጥነት አራት እጥፍ ድረስ ነበር። ከዚያ «ሃይ ስፒድ» መጣ፣ እስከ 12 ኤክስ። ቀጥሎ «አልትራ ስፒድ»፣ እስከ 24። እነዚህ የፍጥነት ልዩነት ብቻ አይደሉም፤ ቅይጡም አጻጻፉም የተለየ ነው። የመጀመሪያው ዘመን ድራይቭ ሃይ ስፒድ ዲስክ ላይ መጻፍ አይችልም። ቀስ ብዬ ልጻፍ ቢልም አይችልም፣ ምክንያቱም ዲስኩ ወለል አለው፤ ከዚያ በታች በሆነ ፍጥነት አይጻፍበትም። ዲቪዲ ፕላስ አርደብልዩ ላይም «8 ኤክስ» የሚል ምልክት የታተመበት ዲስክ ላይ የድሮ 4 ኤክስ ድራይቭ አይጽፍም። «በዝግታ በርን አድርጉ» የሚለው ምክር ለሲዲ-አር ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ አርደብልዩ ላይ ግን ዲስኩ ላይ የታተመውን ፍጥነት አይታችሁ እዚያ ውስጥ መቆየት ነው የሚሻለው። ዲስኩ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ማየት ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ግምት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ማጥፋት። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ፕሮግራሙ ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል፦ ፈጣን ማጥፋትና ሙሉ ማጥፋት። ሁሉም ሰው ፈጣኑን ይመርጣል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሲዲ-አርደብልዩ ላይ ፈጣን ማጥፋት የሚያደርገው የመጽሐፍን የማውጫ ገጽ መቅደድ ነው። ድራይቩ ማውጫ ሲያጣ «ባዶ ነው» ይላል። የድሮው ጽሑፍ ግን ሙሉውን እዚያው አለ። አዲሱ ጽሑፍ በላዩ ላይ ሲሄድ ድራይቩ እያጠፋ እየጻፈ ነው የሚሄደው፤ ጤነኛ ዲስክና ጤነኛ ሌዘር ላይ ይሠራል። ዲስኩ ብዙ ጊዜ የተጻፈበት ከሆነ ወይም ቀድሞ የጻፈበት ድራይቭ ሌላ ከሆነ ግን፣ የአሮጌው ጽሑፍ ርዝራዥ ከአዲሱ ጋር ይደባለቅና በርኑ መሀል ላይ ይወድቃል፣ ወይም ካለቀ በኋላ አንዳንዱ ፋይል አይከፈትም።

ስለዚህ አርደብልዩ ማስቸገር ሲጀምር የመጀመሪያ እርምጃዬ ሁልጊዜ ሙሉ ማጥፋት ነው። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። 80 ደቂቃ የሚይዝ ሲዲ በ4 ኤክስ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ተውት ይጥፋ፣ ሌላ ሥራ ሥሩ። እንዳያቋርጥ ግን ኮምፒውተሩ ወደ እንቅልፍ እንዳይገባ አድርጉት፤ መሀል ላይ የተቋረጠ ማጥፋት ዲስኩን ግማሽ ወዲህ ግማሽ ወዲያ አድርጎ ይተወዋል፣ ከዚያ በኋላ አንዳንድ ድራይቭ ጭራሽ አላውቀውም ይላል። ያኔም ተስፋ አትቁረጡ። ሌላ ድራይቭ ላይ አስገቡትና እዚያ ሙሉ ማጥፋቱን ድገሙት። «የሞተ» የተባለ ዲስክ በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ እኔ ይህን ንግግር ለማዘጋጀት ያነሳሳኝም ሰው ጤነኛ ዲስክ ሲጥል ማየቱ ስለሚከነክነኝ ነው።

ዲቪዲ ማይነስ አርደብልዩ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በፈጣን ማጥፋት ካጸዳችሁት፣ የሚቀበለው አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ነው፦ ዲስክ አት ዋንስ የሚባለውን፣ ማለትም ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ጽፎ መዝጋት። «ዛሬ ትንሽ እጽፋለሁ፣ ነገ እጨምራለሁ» ካላችሁት እምቢ ይላል። እንዲህ በየጊዜው እየጨመሩ መጻፍ፣ መልቲሴሽን የሚባለውን፣ ከፈለጋችሁ ሙሉ ማጥፋት ግድ ነው። ሰው ፈጣን ማጥፋት ያደርግና መልቲሴሽን ይመርጣል፣ ከዚያ ፕሮግራሙ በማይገባ ቋንቋ ይጮህበታል።

ስለ ጩኸቱም እናውራ። በርን የሚያደርግ ፕሮግራም ሁሉ ሲወድቅ የሆነ መልእክት ያወጣል። ሰው «ኦኬ» ብሎ ይዘጋዋል። እባካችሁ አትዝጉት። በስልክ ፎቶ አንሱት። ድራይቮች ሁሉ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩት በአንድ ዓይነት ኮድ ነው፤ ኢምግበርንን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ኮዱን እንዳለ ያሳዩዋችኋል፣ ሌሎቹ ደግሞ የሥራ መዝገባቸው ውስጥ ይደብቁታል። ሦስት ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያዋ ብቻ እንኳ ብዙ ትናገራለች። 2 ከሆነች ድራይቩ ዝግጁ አይደለም፤ ዲስክ አላገኘም ወይም ገና እየመረመረ ነው። 3 ከሆነች ችግሩ ዲስኩ ላይ በመጻፍ ወይም በማንበብ ነው። 4 ከሆነች የድራይቩ አካል ራሱ። 5 ከሆነች ግን ዲስኩም ድራይቩም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተጠየቀው ነገር ነው የማይሆነው።

አያችሁ፣ 5 ያለበት መልእክት ይዞ ዲስክ መጣል ማለት ምን ማለት እንደሆነ? ቅድም ያልኩት የማይነስ አርደብልዩ ጉዳይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ 5/64/00 ሆኖ ነው፤ «ለዚህ ትራክ የማይሆን አጻጻፍ» ማለት ነው። መፍትሔው ሙሉ ማጥፋት ወይም ዲስክ አት ዋንስ መምረጥ ነው። በ5/30 የሚጀምር ካያችሁ ዲስኩ ከድራይቩ ወይም ከተጠየቀው ሥራ ጋር አይስማማም ማለት ነው፤ ፍጥነቱን፣ ዓይነቱን፣ ፎርማቱን ተመልከቱ። በ5/21 የሚጀምር ደግሞ ከዲስኩ ዳርቻ አልፎ ለመጻፍ ወይም ለማንበብ ሲሞከር የሚመጣ ነው። ይሄኛው ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስሌት ነው። ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይላል፤ አምራቾቹ የቆጠሩት 4,700,000,000 ባይት ብለው ነው። ዊንዶውስ በ1024 እያካፈለ ስለሚቆጥር እዚያ ላይ 4.38 ጊጋባይት አካባቢ ነው የሚታየው። 4.5 የሚል ፎልደር ይዛችሁ ብትመጡ አይገባም፣ በቃ።

ከ3 ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ዝነኛው 3/73/03 ነው፤ የኃይል ልኬት ስህተት። ድራይቩ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ዲስኩ መሀል፣ ከቀዳዳው አጠገብ ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ሙከራ ይጽፋል። ምን ያህል ኃይል ለዚህ ዲስክ እንደሚበቃ የሚለካው እዚያ ነው። ልኬቱ ካልተሳካለት ዋናውን ሥራ አይጀምርም። ይህ ሲመጣ ቅደም ተከተሌ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዲስኩን በተለይ መሀሉን እዩት፤ የጣት ቅባት የሚያርፈው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። በለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ እያዞራችሁ አትጥረጉ፣ ምክንያቱም በክብ የሄደ ጭረት አንዱን የመረጃ መስመር ተከትሎ ያበላሻል፣ ቀጥ ብሎ ያቋረጠውን ግን የድራይቩ የስህተት ማረሚያ ይወጣዋል። ከዚያ ሌላ ዓይነት ዲስክ ሞክሩ። ሌላ ዲስክ ላይ ከሠራ ድራይቩ ያንን የመጀመሪያውን ዲስክ በደንብ አያውቀውም ማለት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ላይ ካልሠራ የሌንሱ አቧራ ወይም የሌዘሩ እርጅና ነው።

አያውቀውም ስል ምን ማለቴ ነው? እያንዳንዱ ባዶ ዲስክ ላይ የአምራቹ መለያ ኮድ አለ። ድራይቩ ፈርምዌሩ (ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ውስጥ የሚያውቃቸው ኮዶች ዝርዝርና ለእያንዳንዱ የሚስማማ የአጻጻፍ ስልት አለው። ኮዱን ካላገኘ በጠቅላላ ስልት ይሞክራል፤ አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ አይሳካም። ለዚህ ነው ለድራይቩ አዲስ ፈርምዌር ካለ መጫኑ የሚጠቅመው። ሳጥኑ ላይ ያለው የንግድ ስም ዲስኩን ማን እንደሠራው ላይነግራችሁ ስለሚችል፣ አንዴ የሠራላችሁን ዲስክ ኮድ በፕሮግራም አይታችሁ ያዙት። ፈርምዌር ስትጭኑ ግን ከትክክለኛው ሞዴል ጋር መግጠሙን እርግጠኛ ሁኑ፣ መብራትም እንዳይቋረጥ ተጠንቀቁ፤ ግማሽ ላይ የቀረ ፈርምዌር ድራይቩን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

ዩኤስቢ ድራይቭ የምትጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ኃይሉን ተጠራጠሩ። ቀጭኑ ተንቀሳቃሽ ድራይቭ መጻፍ ሲጀምር ከፍ ያለ ጉልበት ይስባል፤ የተለመደው የዩኤስቢ 2 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ነው፣ ያ ደግሞ ሁልጊዜ አይበቃም። ምልክቱ ግልጽ ነው። ያነባል፣ መጻፍ ሲጀምር ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። ማከፋፈያ ሃብ ላይ ከሰካችሁት አውጡትና ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ሰኩት፤ ገመዱ ሁለት ራስ ካለው ሁለቱንም ሰኩ፤ ረጅም ማራዘሚያ ተዉ። ቀላል ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ስንት ጤነኛ ድራይቭ በገመድ ምክንያት ተወቅሷል።

ኮምፒውተሩ መረጃውን በበቂ ፍጥነት ባያቀብል የሚመጣው የበፈር መራቆት፣ ማለትም የድራይቩ ጊዜያዊ የመረጃ ማከማቻ ባዶ መቅረት፣ ድሮ ዲስክ ይገድል ነበር። ሳንዮ በ2000 አካባቢ በርን-ፕሩፍ የሚባለውን መከላከያ ካመጣ ወዲህ ሌሎቹም ተመሳሳዩን ስላደረጉ፣ ዛሬ ድራይቩ ቆም ብሎ ይጠብቃል። ቢሆንም ፋይሎቹን ከኔትወርክ ወይም ከደካማ ፍላሽ በቀጥታ አትጻፉ፤ መጀመሪያ ወደ ሃርድ ዲስኩ ገልብጧቸው።

ዊንዶውስ ላይ ያለውን ግራ መጋባት ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ባዶ ዲስክ ስታስገቡ ይጠይቃችኋል፦ «እንደ ዩኤስቢ ፍላሽ» ወይስ «ከሲዲ/ዲቪዲ ማጫወቻ ጋር»? ይህ ከቪስታ ጀምሮ ያለ ነው። የመጀመሪያውን ከመረጣችሁ ዲስኩ ዩዲኤፍ በሚባል አሠራር ፎርማት ይሆናል፤ ፋይል መጎተት፣ መሰረዝ፣ መጨመር ትችላላችሁ። ምቹ ነው። ግን ዋጋ አለው። 700 ሜጋባይት የሚለው ሲዲ-አርደብልዩ በዚህ መንገድ 570 አካባቢ ብቻ ይይዛል፣ ምክንያቱም መረጃው በትንንሽ ጥቅል ስለሚጻፍ በየጥቅሉ መካከል ለመገጣጠሚያ የሚባክን ቦታ አለ። የመኪና ማጫወቻና የድሮ ዲቪዲ ማጫወቻም ብዙ ጊዜ አያነቡትም። ሁለተኛው ምርጫ ሁሉንም ሰብስቦ በአንዴ ይጽፋል፤ ወደ ሌላ መሣሪያ የሚሄድ ዲስክ ከሆነ ይሄንን ምረጡ። እዚህ ላይ ደግሞ ዊንዶውስ ፋይሎቹን መጀመሪያ ጊዜያዊ ቦታ ላይ ያከማቻል፤ ዋናው ሃርድ ዲስክ ላይ ለዲቪዲ 5 ጊጋባይት ያህል ነጻ ቦታ ከሌለ ይወድቃል። «ለመጻፍ የሚጠብቁ ፋይሎች አሉ» እያለ የሚነዘንዛችሁም እነዚያን ጊዜያዊ ፋይሎች ነው፤ ሰርዟቸው።

እንደ ፍላሽ የተዘጋጀን ዲስክ ስታወጡ የድራይቩን ቁልፍ ተጭናችሁ ወዲያው አትንጠቁት፤ ከኮምፒውተሩ «ኢጀክት» በሉና እስኪጨርስ ጠብቁ። ፕላስ አርደብልዩ ላይ ፎርማቱ ከጀርባ እየቀጠለ ሊሆን ይችላል። ሌላው፣ የድሮ ዘመን የፓኬት መጻፊያ ፕሮግራሞች (ዲስኩን እንደ ፍላሽ የሚያስጽፉት) ኮምፒውተሩ ላይ ተጭነው ካሉ ድራይቩን ይዘው አይለቁም፤ ሁለት በርን ማድረጊያ ፕሮግራም እኩል ሲሻሙበትም እንደዚያው ነው። የማትጠቀሙበትን አራግፉ። ሊኑክስ ላይ ተመሳሳዩ ችግር የሚመጣው ዴስክቶፑ ዲስኩን በራሱ ስለሚከፍተው ነው፤ «ተይዟል» ካላችሁ አንማውንት አድርጉት፣ ማለትም ዴስክቶፑ እንዲለቀው አድርጉና ቀጥሉ። ማክ ላይ ከ2015ቱ ኤል ካፒታን ጀምሮ የዲስክ ዩቲሊቲ የበርን ቁልፍ ስለተነሳ፣ ፋይል በምታዩበት ፕሮግራም፣ በፋይንደር፣ ነው የምትጽፉት።

ሌላ የሚገርም ብዛት ያለው ጥፋት፦ ኢሜጁን እንደ ፋይል መጻፍ። አይኤስኦ ፋይል (የአንድ ሙሉ ዲስክ ግልባጭ፣ ማለትም ኢሜጅ) ወርዶ፣ ዲስኩ ላይ ተጎትቶ ተጽፎ፣ «ኮምፒውተሩ ከዲስኩ አይነሳም» ይባላል። ዲስኩን ክፈቱት። ውስጡ አንድ ትልቅ አይኤስኦ ፋይል ብቻ ካያችሁ ችግሩ እሱ ነው። «ኢሜጅ በርን አድርግ» የሚለውን ነው መምረጥ ያለባችሁ።

በርኑ በሰላም አልቆ ሌላ ቦታ አልከፈት ካለስ? ሦስት ነገር አያለሁ። ሴሽኑ (በአንድ ዙር የተጻፈው ክፍል) ተዘግቷል ወይ? ክፍት የቀረ ዲስክ የጻፈው ድራይቭ ብቻ ሊያነበው ይችላል። ፋይሎቹ የተቀመጡበት አሠራርስ ምንድን ነው? አዲሱን ዩዲኤፍ 2.50 የድሮ ኮምፒውተር አያውቀውም፤ ተራው አይኤስኦ የሚባለው አሠራር (የቅድሙ ኢሜጅ ፋይል ሳይሆን) ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል ላይ ያስቸግራል፣ ጆሊየት የሚባለው ቅጥያውም የፋይል ስምን 64 ፊደል ላይ ይገድባል። ሦስተኛው ያው ቅድም ያልኩት ድብዝዝነት ነው።

እና ቬሪፋይን (የተጻፈውን የሚያረጋግጠውን ምርጫ) አታጥፉት። ጊዜ ይጨምራል ብላችሁ ምልክቱን የምታነሱት ሰዎች እባካችሁ መልሱት። «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚለው ድራይቩ መጻፉን እንጂ የተጻፈው መነበቡን አያረጋግጥም። ቬሪፋይ እያንዳንዱን ነገር መልሶ አንብቦ ከዋናው ጋር ያወዳድራል። የልጆቻችሁ ፎቶ ወይም የዓመታት ሥራችሁ ከሆነ የምትጽፉት፣ ዲስኩን በሌላ ድራይቭ ከፍታችሁ ሳታዩ ዋናውን ከኮምፒውተሩ እንዳትሰርዙ።

ይህን ሁሉ ስትሞክሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ዲስክም፣ ፕሮግራምም፣ ገመድም አንድ ላይ ቀይራችሁ ከሠራ ችግሩ የቱ እንደነበር አታውቁም፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣባችኋል። ያንኑ ዲስክ ሌላ ድራይቭ ላይ፣ ከዚያ ሌላ ዲስክ ያንኑ ድራይቭ ላይ። ሁለት ሙከራ ብቻ ጥፋተኛውን ብዙ ጊዜ ይለይላችኋል።

ከአዳራሹ ጥሩ ጥያቄዎች መጥተዋል፤ ሁለት ሦስቱን እዚህ ላስፍር።

«ብሉሬይ አርኢ ላይ ስጽፍ ከተባለው ፍጥነት ግማሽ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ምን ሆኖ ነው?» ምንም አልሆነም። ዲስኩ ለብልሽት መጠባበቂያ ቦታ ተደርጎለት ፎርማት ከሆነ፣ ድራይቩ የጻፈውን እዚያው መልሶ እያነበበ ያረጋግጣል፤ የተበላሸ ቦታ ሲያገኝ ወደ መጠባበቂያው ያዛውረዋል። ስለዚህ ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ለመረጃ ማስቀመጫ ከሆነ እኔ አላጠፋውም፣ ዝግታው ይገባዋል።

«አንድ አርደብልዩ ስንት ጊዜ ይጻፍበታል፣ ማለቁንስ በምን አውቃለሁ?» ለሲዲ-አርደብልዩም ለሁለቱም ዲቪዲዎችም የሚባለው 1,000 ጊዜ ገደማ ነው፤ ዲቪዲ-ራም የሚባለው ዓይነት ብቻ ነው 100,000 የሚባልለት። በተግባር ግን ቁጥሩን ሳይሞላ በፊት ጭረትና አያያዝ ይጨርሰዋል። ሙሉ አጥፉት፣ ጻፉበት፣ ቬሪፋይ አድርጉ። ስህተቱ በየጊዜው ሌላ ቦታ ላይ ከመጣ ድራይቩን ተጠራጠሩ። በሁለት ድራይቭ ላይ እዚያው ቦታ ከተደገመ ዲስኩ ነው። ሲዲ ከሆነ ደግሞ የጀርባውን፣ የስሙን ፊት እዩ፤ ሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከዚያ ስስ ሽፋን ሥር ስለሆነ ከላይ የተፋቀ ሲዲ ከታች ከተጫረው ይብሳል። ተለጣፊ ወረቀትም አትለጥፉበት፤ በፍጥነት ሲሽከረከር ሚዛኑን ያስታል።

የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ፊቷ ላይ ጭንቀት ከሚነበብ እህት ነው፦ «በስህተት ፈጣን ማጥፋት አደረግኩት፣ ውስጡ ያለው ይመለሳል?» ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነ ይወስነዋል። ፕላስ አርደብልዩ ከሆነ ተስፋው ጥሩ ነው፤ እዚያ ላይ ፈጣን ማጥፋት መጀመሪያውን ብቻ በባዶ ስለሚደርብ፣ ድራይቩ የቀረውን እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል፣ የመረጃ ማውጫ ፕሮግራሞችም ፋይሎቹን ሊለቅሙ ይችላሉ። ሲዲ-አርደብልዩ ከሆነ ከባድ ነው፤ መረጃው አለ፣ ግን ማውጫው ስለጠፋ ተራ ድራይቭ «ባዶ ነው» ብሎ አላነብም ይላል። በሁለቱም ግን ምንም ነገር አትጻፊበት፣ ፎርማትም አታድርጊው፣ ዊንዶውስ «ላዘጋጀው?» ሲልሽ አይሆንም በይው። አውጪውና ሽፋኑ ውስጥ አስቀምጪው። ከዚያ የዲስኩን ዓይነት አንብበሽ ንገሪኝ፣ ከዚያ ነው የምንጀምረው።